ከበረት የሚነሣ ትኩሳት፦ ኪው ፊቨር በሰውና በከብት እንዴት ይታወቃል?

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡ አካባቢዎች መካከል ናቸው። መኖሪያ ቤትና በረት በአንድ አጥር ውስጥ ሲሆኑ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች መንገዳቸው አጭር ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ኪው ፊቨርን በሚመለከት ለሚነሡ ጥያቄዎች የሐኪሙ መልስ እነሆ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሱሉልታ ውስጥ የወተት ላሞች አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዷ ጨነገፈች፤ የእንግዴ ልጁ ስለቀረባትም በእጄ አወጣሁላት። አሁን ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ሌሊት ያልበኛል። ክሊኒክ ሄጄ “ታይፎይድና ታይፈስ ነው” ተባልኩ። መድኃኒቱን ብጨርስም ትኩሳቱ ተመለሰብኝ። ከላሟ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ኪው ፊቨርን የሚያመጣው ኮክሲየላ በርኔቲ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ላም፣ በግና ፍየል ይሸከሙታል። እጅግ በብዛት የሚገኘው በእንግዴ ልጅና በሽርት ውሃ ውስጥ ሲሆን በሽንት፣ በፍግና በወተትም ይወጣል። ሲደርቅ ከአቧራ ጋር ተነሥቶ በትንፋሽ ይገባል። በሰው ላይ ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ የነገሩኝ ጊዜ ይገጥማል። ከተያዙት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ምንም አይሰማቸውም። የሚታመሙት ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ላብና ድካም ይኖራቸዋል፤ የሳንባ ምች ወይም የጉበት መቆጣት የሚይዛቸውም አሉ።

የተደረጉልዎት ምርመራዎች ዊዳልና ዌይል ፊሊክስ ከሆኑ ኪው ፊቨርን አያሳዩም። ስለዚህ ተመልሰው ይሂዱና ስለጨነገፈችው ላም ለባለሙያው ይንገሩ። ላም የሚያስጨነግፈው ብሩሴሎሲስም በሰው ላይ ተመሳሳይ ትኩሳት ያመጣልና አብሮ ይታይ። በቅርቡ ወደ ቆላ ወርደው ከነበረ ወባም ይመርመር።

ጥያቄ፦ እኔ የቡራዩ ሰው ነኝ፤ የምሠራው ቄራ ነው። አንድ ጊዜ ደም ብሰጥ በሽታው እንዳለብኝና እንደሌለብኝ ይታወቃል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አንድ ናሙና አይበቃም፤ ዋናው ነገር ደሙ የተቀዳበት ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት፣ በተለይም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት፣ ፒሲአር የባክቴሪያውን ዘረመል በደም ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ሰውነት የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ግን ሕመሙ ከጀመረ ከ7 እስከ 15 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው የሚታየው። በመጀመሪያው ሳምንት “የለም” ቢባሉ ነጻ ነዎት ማለት አይደለም። አስተማማኙ መንገድ በሕመሙ መጀመሪያ አንድ ናሙና፣ ከ3 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰጥቶ ሁለቱን በአንድ ላቦራቶሪ ማነጻጸር ነው። የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን በአራት እጥፍ ካደገ በሽታው አዲስ ነው።

በአንድ ናሙና ብቻ “አለ” መባልም ያሳስታል፤ የድሮ ንክኪ ምልክት ለዓመታት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የአዲስ አበባ ቄራ ጥናት 6.5 በመቶ በሚሆኑ ሠራተኞች ደም ውስጥ ይህን ፀረ እንግዳ አካል አግኝቷል። ባክቴሪያው ደርሶባቸው ያውቃል ማለት እንጂ ሁሉም በዚያን ጊዜ ታመው ነበር ማለት አይደለም።

ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ስለዚህ የሕመሙ ታሪክና ምልክቱ ከተገጣጠሙ ሐኪሙ ውጤት ሳይጠብቅ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። ለአዋቂ የሚመረጠው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ለ2 ሳምንት ያህል ይወሰዳል። ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው ግን አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ሰበታ ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ታላቅ ልጄ ደግሞ በሕፃንነቱ ከጉሮሮ ሕመም በተነሣ የልብ ቫልቩ ተጎድቷል። በጎቻችን ሊወልዱ ነው። ለእነሱ ያሰጋል?

መልስ፦ አዎን፤ ሁለቱም በጎቹ ሲወልዱ አጠገባቸው አይድረሱ፤ ጋጣውንም አይጥረጉ። በነፍሰ ጡር ላይ በሽታው ጽንስ ሊያስወርድ ወይም ያለጊዜው ሊያስወልድ ይችላል፤ መድኃኒቱም የሚመረጠው በሐኪም ነው። ከታማሚዎች ከመቶ አምስት የማይሞሉት ሥር የሰደደ ኪው ፊቨር ይይዛቸዋል፤ ይህም ከወራት አልፎ ከዓመታት በኋላም ብቅ ሊል ይችላል። በብዛት የሚያጠቃው የልብ ቫልቭን ስለሆነ፣ በአገራችን የሩማቲክ የልብ ሕመም ካለባቸው ብዙ ወጣቶች አንዱ የሆነው ልጅዎ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከያዘው ለልብ ሐኪሙ ፈጥነው ያሳዩት። በተለመደው የደም ካልቸር ይህ ባክቴሪያ አይበቅልም። ሥር ለሰደደው ዓይነት ሕክምናው 18 ወር እና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ላሞቼ ደህና ይመስላሉ። ምን ላስመርምር?

መልስ፦ የተያዘ ከብት ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። በበግና በፍየል በእርግዝናው መጨረሻ መጨንገፍ፣ በላም የእንግዴ ልጅ መቅረትና አልጸነስ ማለት ሊታይ ይችላል። በኤሊሳ የሚደረግ የደም ምርመራ በሽታው በመንጋው ውስጥ መኖሩን ለማወቅ ይጠቅማል፤ አንዲቱን ላም ለይቶ ለመፍረድ ግን ደካማ ነው። በደሟ ምልክት ያለባት ባክቴሪያውን ላታወጣ፣ ምልክት የሌለባት ደግሞ ልታወጣ ትችላለች። ለዚህ ነው ከእንግዴ ልጅ፣ ከብልት ፈሳሽ ወይም ከወተት ማጠራቀሚያው በፒሲአር መመርመር የሚያስፈልገው። ናሙናውን የእንስሳት ሐኪም ይውሰድ፤ እርስዎ በፌስታል ቋጥረው አይዙሩ። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚያው ሰበታ ይገኛል፤ ምርመራው በወቅቱ እየተሠራ መሆኑን ሐኪምዎ አስቀድመው ይጠይቁ። ጉዳዩ የሩቅ አገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ዘንድ የተደረገ ጥናት ከላሞች ሲሶ ያህሉ፣ ከፍየሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የንክኪው ምልክት በደማቸው እንዳለ አሳይቷል።

ጥያቄ፦ ወተቱን ብናፈላ ይበቃል?

መልስ፦ ማፍላት የግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዋናው መተላለፊያ አየር ነውና። በኔዘርላንድስ ከ2007 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ከ4,000 በላይ ሰዎች መታመማቸው ሲመዘገብ ብዙዎቹ ፍየል ነክተው የማያውቁ የእርባታ ጎረቤቶች ነበሩ። ከብት ሲያዋልዱ ጓንትና አፍንጫና አፍ መሸፈኛ ያድርጉ። የእንግዴ ልጁንና የጨነገፈውን ጽንስ ለውሻ አይጣሉ፤ በጥልቀት ይቅበሩት። የደረቀ ፍግ ሳያርሱ አይጥረጉ። የበረት ልብስና ጫማም ከቤት ውጭ ይቅር።

ትኩሳት ይዞዎት ክሊኒክ ሲገቡ፣ ባይጠየቁም እንኳ፣ ባለፈው ወር በበረትዎ የወለደ ወይም የጨነገፈ ከብት እንደነበረ ይናገሩ። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለም ለእንስሳት ሐኪሙ ይንገሩ።