መንገድ ላይ እየጠፋ የሚያስቸግር አሮጌ መኪና፦ ከዓባይ በረሃ እስከ ለጋምቦ ደጋ

ጨርሶ አልነሳ ያለ መኪና ለመካኒክ ቀላል ነው፤ ብልሽቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። የሚያስቸግረው ሃያ ኪሎ ሜትር በደህና ሄዶ ዳገት ላይ ድንገት ዝም የሚለው፣ ሩብ ሰዓት አርፎ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ የሚነሳው ነው። መካነ ሰላም ከተማ ጋራዥ ሲደርስ ሞተሩ ደህና ነው። መካኒኩም ምን ያድርግ፣ ካንዴላ ይቀይራል፤ በሳምንቱ መንገድ ሲወጡ መኪናው እንደገና ይቆማል። ቀጥሎ ኮይል፣ ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፕ፣ ቀጥሎ ካርቡራተር ይቀየራል። ገንዘቡ ያልቃል፣ ብልሽቱ እዚያው አለ።

እንዲህ ያለ ብልሽት የሚታየው ሞተሩ በጠፋ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ከዚያ ሁሉም ይቀዘቅዛል፣ ማስረጃው ይጠፋል። ስለዚህ ምርመራውን መጀመር ያለበት መሪውን የያዘው ሰው ነው፤ የሚከተለውም ለእሱ የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ መኪናውን ያቁሙ

ሞተር ሲጠፋ የፍሬን አጋዡም ይሞታል፤ ፔዳሉ የሚለሰልሰው ለአንድ ወይም ለሁለት ርግጫ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ከሆኑ ፍሬኑን ደጋግመው አይርገጡ፤ አንዴ ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ዳር ያስይዙት። መሪው የኃይል አጋዥ ካለው ይከብድዎታል እንጂ አይቆለፍም፤ የሚቆለፈው ቁልፉን ከነቀሉት ነው። የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ጎማው ሥር ታኮ ወይም ድንጋይ ያድርጉ፣ ከኋላ ራቅ አድርገው ቅጠል ያስቀምጡ።

ሲጠፋ ምን እንደነበረ ይጻፉ

ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ሞተሩ ስንት ደቂቃ እንደሠራ፣ ዳገት ይሁን ቁልቁለት፣ ፀሐይ ይሁን ጭጋግ፣ ታንኩ ውስጥ ምን ያህል ቤንዚን እንዳለ ይመዝግቡ። ከሁሉ በላይ ግን አጠፋፉን ይጻፉ። ኃይል እያነሰው፣ እየተንገራገጨ፣ ነዳጅ ሲሰጡት እያቃሰተ ከጠፋ ጣትዎን ወደ ነዳጅ ይጠቁሙ። መብራት እንደሚጠፋ በአንድ ጊዜ ቀጥ ካለ ኤሌክትሪክ ነው። የሞተር ዙር የሚያሳይ ቆጣሪ ካለው ደግሞ የበለጠ ይነግርዎታል፦ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ገና እየተንከባለለ መርፌው ዜሮ ላይ ከወደቀ፣ የተቋረጠው እሳቱ ነው።

ኮፈን ከፍተው በሁለት ደቂቃ ውስጥ፦ እሳት አለ? ቤንዚን አለ?

ቅደም ተከተሉ ይከበር። እሳቱን የሚፈትሹት የቤንዚን ቱቦ ከመንካትዎ በፊት ነው፤ ቤንዚን ፈሶ ሳለ ብልጭታ መሞከር መኪናውንም ሰውንም ያቃጥላል።

ትርፍ ካንዴላ በኪስ መያዝ ልማድ ያድርጉ። አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅለው ትርፉን ይሰኩበት፣ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ አስነክተው ይያዙ፣ ረዳትዎ ሞተሪኖውን ያዙር። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ካዩ እሳት አለ። ቀይና ቀጭን ከሆነ ወይም ከሌለ፣ «እሳቱ ከጠፋ» ወደሚለው ክፍል ይለፉ።

ካርቡራተር ባለው መኪና ቤንዚኑን ለማየት የአየር ፊልትሮውን ክዳን ያንሱና ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ እያዩ የነዳጅ መስጫውን ሽቦ በእጅ ይሳቡ። ቀጭን የቤንዚን ፍሳሽ ሲረጭ ካዩ በካርቡራተሩ ገንዳ ውስጥ ነዳጅ አለ። አሮጌዎቹ ኮሮላዎች ላይ ይህም አያስፈልግም፤ በካርቡራተሩ ጎን ትንሽ ክብ መስታወት አለች፣ ቤንዚኑ መሐሏ ላይ መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ በአቧራና በዘይት ተሸፍና ባለቤቱ እንኳ መኖሯን አያውቅም። በጨርቅ ጠረግ ያድርጓት።

ቤንዚኑ ከጠፋ

አገሩ ራሱ እዚህ ላይ ይገባበታል። መካነ ሰላም ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የለጋምቦ ደጋ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ የጉንደ ወይን መንገድ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። አንድ መኪና በአንድ ቀን ቆላና ውርጭ ያያል።

በመጀመሪያ የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበ፣ ከዚያም ሞተሩ ከተነሳ፣ ምርመራዎ አብቅቷል። ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ መግቢያው ከተደፈነ ፓምፑ ባዶውን ይስባል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄዶ ይቆማል። ዋናው ክዳን ጠፍቶ አፉ በፌስታልና በጨርቅ የታሰረ ታንክ በየመናኸሪያው ይታያል፤ ለዚህ ችግር ከዚያ የተሻለ ግብዣ የለም።

ሁለተኛው ከበረሃው ሽቅብ ሲወጡ የሚመጣው ነው። ሞተሩ ግሏል፣ ፍጥነቱ ትንሽ ነው፣ ከፍ ባሉ ቁጥር ደግሞ ቤንዚን በዝቅተኛ ሙቀት ይተናል። በቱቦውና በፓምፑ ውስጥ እንፋሎት ይሞላል፤ ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም። ሹፌሮች እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል አድርገው አሥር ደቂቃ ሲጠብቁ ያየነው ለዚህ ነው፤ ትክክልም ናቸው። ፓምፑ በጨርቅ ሲቀዘቅዝ ወዲያው ከተነሳ ምክንያቱ ተረጋገጠ። በጋለው ሞተር ላይ ግን ውኃ አይድፉ፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ የቤንዚን ቱቦውን ትኩስ ጢስ ከሚወጣበት ብረት ማራቅ፣ ተፈትቶ የተጣለውን የሙቀት መከለያ ቆርቆሮ መመለስና የራዲያተሩን ቬንትሌተር ማየት ነው።

ሦስተኛው የዚህ ተቃራኒ ሆኖ ሳለ ምልክቱ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል። በክረምት፣ ጭጋግ ባለበት ደጋ፣ መኪናው በተነሳ በሩብ ሰዓት አካባቢ ኃይል ያጣና ይጠፋል፤ ጥቂት ቆሞ ይነሳል። ቤንዚን ሲተን ጉሮሮውን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥቡ አየር እዚያ ላይ በረዶ ይሠራል። አየሩ ከዜሮ በላይ ሆኖም ይህ ይሆናል። ወዲያው ፊልትሮውን ከፍተው ካዩ ነጭ አመዳይ በዓይንዎ ያገኙታል፤ አምስት ደቂቃ ከዘገዩ ግን ከሞተሩ ሙቀት የተነሳ ቀልጦ ውኃ ሆኗል። አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ሞቅ ያለ አየር ወደ ፊልትሮው የሚያመጣ ተጣጣፊ ቱቦ ነበራቸው። ሲቀደድ ማንም አይተካውም፤ በአዳማ ሙቀት አያስፈልግ ይሆናል፣ ለጋምቦ ላይ ግን ያስፈልጋል።

አራተኛው ቆሻሻና ውኃ ነው። ከጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን ከሆነ ትንሽ በሃይላንድ ላስቲክ ቀድተው ያስቀምጡት፤ ውኃ ካለው ከታች ተለይቶ ይቀመጣል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ያደረጉት ጠብታ ደርቆ የቅባት ዱካ ከተወ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ተቀላቅሎበታል። ከታንኩ ሥር ያለው ዝገት ዳገት ላይ ተንሸራቶ መሳቢያውን ይደፍናል፣ መኪናው ሲቆም ተመልሶ ይረጋል፤ የቤንዚን ፊልትሮውን ነቅለው ወደ ኋላ አራግፈው የሚወጣውን ነጭ ጨርቅ ላይ ይዩ።

ሚኒሞ ላይ ብቻ እየጠፋ ነዳጅ ሲሰጡት ደህና የሚሆን ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። ካርቡራተሩ ላይ አንድ ሽቦ የገባበት ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ካለ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ሲከፍቱ «ቀጭ» ማለት አለበት። ካላለ ሽቦው ላልቷል ወይም ቫልቩ ሞቷል። እሱ ደህና ከሆነ በካርቡራተሩ ሥር አየር እያስገባ እንደሆነ ለማወቅ፣ ሞተሩ እየሠራ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ያርሱ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳውን አገኙት። ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ከለበሱ ደግሞ ካርቡራተሩ ለቆላ የተስተካከለ ነው፤ በሳሳ አየር ላይ ቤንዚን በዝቶበታል።

እሳቱ ከጠፋ

በነጻ ከሚሠራው ይጀምሩ። የባትሪውን ሁለት ጫፎች በእጅ ያወዛውዙ፣ ከኔጌቲቩ ወደ ቦዲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ገመድ ይዩ። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን በቀስታ ያንቀሳቅሱ፤ በዚህ ከጠፋ ጥፋቱ የቁልፉ ማብሪያ ነው። በአንድ ቀለበት የቤቱን፣ የሱቁንና የመጋዘኑን ቁልፍ ሁሉ ያንጠለጠለ ሰው በኮረኮንች ላይ ይህ ሲደርስበት አይገረም።

ኮይል የታወቀ አጭበርባሪ ነው። ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲግል ውስጡ ይቋረጣል። ሞተሩ በጠፋ ጊዜ መልቲሜትር ይዘው ይለኩት፣ ቀዝቅዞ ሲነሳም ይለኩት፤ ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ከተራራቁ ይጣል። ዲስትሪቢውተሩ ፑንቲና ያለው ከሆነ ክፍተቱን 0.45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያድርጉ፣ ኮንደንሰሩንም አብረው ይጠርጥሩ። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ፀሐይ ላይ ያዙሩት፦ በውስጡ ከአንዱ ናስ ወደ ሌላው የምትሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ካለች፣ ጭጋግ ሲመጣ እሳቱ የሚሸሸው በእሷ ነው።

ካርቡራተር የሌላቸው የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታዎች ራሳቸው ይናገራሉ። ኮፈኑ ሥር ባለችው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ሲከፍቱ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ቁጥር ይሰጣል። 12 ወይም 13 የሞተር ዙር ምልክት መቋረጡን፣ 14 የእሳቱ ምልክት አለመመለሱን ያመለክታል። ባትሪውን ከመንቀልዎ በፊት ያንብቡት፣ ከነቀሉት ይሰረዛል። በነዚህ መኪኖች ላይ ቤንዚን ካልመጣ ፓምፑን ከመግዛትዎ በፊት የፓምፑን ሪሌ ይዩ።

ናፍጣ ለሚጠጡት ሚኒባሶችና ቅጥቅጦች ነገሩ አጭር ነው፤ እሳት የሚባል ጉዳይ የለባቸውም። አንድም አየር እየገባ ነው፣ አንድም ፊልትሮው ተደፍኗል፣ አንድም ፓምፑ ላይ ያለው ማጥፊያ ቫልቭ ሽቦው ላልቷል። ከፊልትሮው ወደ ፓምፑ በሚሄደው ቱቦ ፈንታ ለጊዜው የሚያሳይ ቱቦ ካስገቡ አረፋውን ያዩታል።

ያገኙት ሲመስልዎ

አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ሁለት ከቀየሩ የትኛው እንደፈወሰው አያውቁም፣ ሲመለስም ከዜሮ ይጀምራሉ። ከዚያ በማስታወሻው ላይ ወደተጻፈው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጭነት ይመለሱ፤ የዓባይ ዳገት ላይ የሚጠፋ መኪና መካነ ሰላም አደባባይ ላይ ተዙሮ አይፈተንም። ዕቃ ለማስመጣት ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ሲልኩም ስሙን ብቻ አይንገሩት፤ አሮጌውን ዕቃ ራሱን ያስይዙት፣ የሞተሩንም ቁጥር ጽፈው ይስጡት።