ጉርሻው መቼ ይሰጥ? ውሻ ማሠልጠንን ከባለሙያ እጅ መማር

በእስራኤሏ ቂርያት ጋት ሰሜናዊ ዳርቻ የተሠራው አዲሱ ሰፈር ካርሜ ጋት ኑሮው በአብዛኛው የፎቅ ነው። ውሻውም ሳሎን ይውላል፣ በሊፍት ይወርዳል፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ደረጃ ላይ ይገናኛል። ውሻን በደጅ ጠባቂነቱ ብቻ ለሚያውቁ አገር ቤት ላደጉ ወላጆች ይህ እንግዳ ነገር ነው። ስለዚህ ልጃቸው ቡችላ ይዞ ሲመጣ ቶሎ የሚታሰባቸው ጩኸትና ዱላ ነው። በሽልማት ማሠልጠን ከዚህ ይሻላል። ነገር ግን ደግነት ብቻውን አያሠለጥንም፤ ሥራው የእጅ ሙያ ነውና ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆሞ ይለመዳል።

ሽልማት እንደሚያስተምር በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1898 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ሣጥን ውስጥ የተዘጉ ድመቶች በሩን ከፍተው ምግብ ባገኙ ቁጥር ለመውጣት የሚፈጅባቸው ጊዜ እያጠረ እንደሚሄድ አሳየ። ቀረብ ያለ ምሳሌ የሚሻ አዲስ አበባን ያስብ፤ አፖፖ የተባለው ድርጅት ያሠለጠናቸው ትላልቅ አይጦች እዚያ የሳንባ ነቀርሳን ከአክታ ናሙና ውስጥ በማሽተት ይለያሉ። የተማሩት በጠቅታ ድምፅና በምግብ ነው። አይጥን በዱላ ማሽተት የሚያስተምር ሰው የለም! በፖርቹጋል 92 የቤት ውሾች የተጠኑበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ቅጣት በሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ከሥልጠና በኋላ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ምራቃቸው ውስጥ ይበልጥ ጨምሮ እንደተገኘ አመልክቷል።

አሠልጣኝ ሲመርጡ መጀመሪያ ውሻውን ቤት ትተው ብቻዎን ይሂዱና ዳር ሆነው ይመልከቱ። ዓይንዎ ከውሻው ይልቅ የአሠልጣኙን እጅ ይከተል። ውሻው ሲቀመጥ ጉርሻው ወዲያው ይደርሰዋል ወይስ ኪስ ሲፈተሽ ውሻው ተነሥቷል? የዘገየ ሽልማት መቀመጡን ትቶ መነሣቱን ያስተምራል። ከዚያ «ውሻው ሲሳሳት ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁ። በሳል ባለሙያ «ሥራውን አቀልለታለሁ» ይላል። የሾህ ወይም የኤሌክትሪክ አንገት ማሰሪያ የሚያወጣ ከሆነ አመስግነው ይሰናበቱ። ገንዘብ ያጠረው ወጣት ሌላም በር አለው፤ ቤት ዖቬድ ያለው የእስራኤል ዓይነ ስውራን መሪ ውሾች ማዕከል ቡችላዎቹን አንድ ዓመት ያህል ለፈቃደኛ አሳዳጊዎች ይሰጣል፤ አሳዳጊዎቹም በማዕከሉ ሰዎች እየተመሩ ይሠራሉ። በእኔ ግምት ከብዙ ኮርስ ይህ ይበልጣል።

ከዚያ ውሻው ሳይኖር ይለማመዱ። አንድ ሰው ኳስ ወደ ላይ ይወርውር፣ እርስዎ ኳሱ መሬት በነካበት ቅጽበት ክሊከር የምትባለውን ጠቅ የምትል ትንሽ መሣሪያ ይጫኑ። በሰንበት መሣሪያውን መንካት የማይሹ ቤተሰቦች አንዲት አጭር ቃል ይምረጡና በእሷ ይጽኑ። ጠቅታው «ያ ያደረግኸው ልክ ነው» የሚል መልእክት ነው፤ ጉርሻው ይከተለዋል። ጉርሻው ከሽንብራ ፍሬ አይብለጥ፤ የተቀቀለ ዶሮ ይሆናል። ከወጥ የወጣ ሥጋ ግን አይስጡ፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።

አሁን ሁሉንም ቤት የሚጠቅመውን ትምህርት ይጀምሩ፤ ውሻው በጥሪ ወደ ማማድ፣ ማለትም ወደ ቤቱ መጠለያ ክፍል፣ እንዲገባ ማድረግ። ሳይረን ሲጮኽ በአንገቱ የተጎተተ ውሻ ክፍሉን ከፍርሃቱ ጋር ያያይዘዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አልጋ ሥር ይደበቃል። ስለዚህ ጸጥ ባለ ቀን ይሥሩ። ወደ በሩ ሲመለከት ጠቅ ያድርጉና ያጉርሱት። ከዚያ አንድ እግሩን ሲያስገባ፣ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ሲገባ፣ ኋላም ውስጥ ምንጣፉ ላይ ሲተኛ። ጥሪውን የሚጨምሩት ሳይጠሩት ሮጦ መግባት ሲጀምር ነው። የበሩን መዘጋት ለብቻው ያስለምዱት። የሳይረን ድምፅ ቅጂ የሚከፈተው ከሁሉ በኋላ፣ በጣም ዝቅ ብሎ ነው፤ ጆሮውን ካጣበቀ ወይም ጉርሻ እምቢ ካለ ድምፁ በዝቷልና ይመለሱ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። አሠልጣኙ እየተመለከተ እርስዎ ይሥሩ እንጂ እሱ ሠርቶ አይስጥዎ፤ መታረም ያለበት የእርስዎ እጅ ነው።

«ምግብ ከሌለ አይታዘዝም» የሚሉ አሉ። ጉርሻውን አስቀድሞ እያሳየ ለሚጠራ ሰው እውነት ነው፤ ያ ማባበያ እንጂ ሽልማት አይደለም። ጉርሻው ተሰውሮ ከሥራው በኋላ ሲመጣ፣ ልማዱ ሲጸና ደግሞ አልፎ አልፎ ሲሆን ውሻው መሥራቱን አይተውም። ከበድ ያለው ተቃውሞ የአባቶች ነው፤ «በሬ የገራነው በጅራፍ ነው» ይላሉ። ጅራፍ እንደነበረ አይካድም፤ በሬውም አርሷል። ግን ወይፈን ከነባር በሬ ጋር ይጠመድ ነበር፤ ምን እንደሚፈለግበት የሚያሳየው ጓደኛ ነበረው። ጅራፍ ብቻውን መሮጥን እንጂ ማረስን አያስተምርም። በጩኸት የተያዘ ቡችላም የሚማረው መሸሽን ነው፤ ልጅ ባለበት ጠባብ ቤት ደግሞ መሸሻ ያጣ ውሻ ሊነክስ ይችላል።

እናትና አባት ሆይ፣ ቡችላው ቤት ከመግባቱ በፊት ልጁን ይዛችሁ አንድ ሙሉ ሥልጠና ዳር ቆማችሁ ተመልከቱ።