ለወገብ የተዋጠው ኪኒን ጨጓራ ላይ ሲደርስ

ብሎኬት ተሸክሞ የሚያድር ሰው ወገቡ በያዘው ቁጥር ሥራ ልቅር ቢል የቀን ገንዘቡ ይቀርበታል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት መድኃኒት ቤት ጎራ ይልና «የወገብ ስጡኝ» ይላል፤ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን በወረቀት ከረጢት ይዞ ይወጣል። ሕመሙ ይታገሣል፣ ሥራውም አይቀርም። ወር ሳይሞላ ግን ኪኒኑ እንደ ምሳው የዕለት ልማድ ይሆናል። ይህን ሰው አልወቅሰውም፤ ቤተሰብ አለበት። የምጽፈው እሱም፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውለው ሹፌርም፣ እግሯ እስኪያብጥ ቆማ የምትውለው አስተናጋጅም፣ አሜሪካ ታክሲ እየነዳ አድቪል ከኪሱ የማይለየው ወንድማችንም ያንን ኪኒን ምን ዓይነት ጨጓራ ላይ እየጣሉት እንደሆነ እንዲያውቁ ነው።

ጨጓራችን ሲነሣብን ቶሎ የምንከሰው በርበሬን ነው። በርበሬ ያቃጥል ይሆናል እንጂ ጨጓራን አቁስሎ ደም የሚያፈስሰው ዋና ምክንያት እሱ አይደለም። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያና እነዚሁ የሕመም ማስታገሻዎች።

ባክቴሪያው የታወቀው ብዙም ሳይርቅ ነው። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ውስጥ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሐኪሞች ከሕመምተኞች ጨጓራ በወሰዱት ናሙና ላይ ሊያበቅሉት ደጋግመው ሞክረው አልሆነላቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የፋሲካ በዓል መጣና ናሙናው ከተለመደው ቀን አልፎ ተቀመጠ፤ ሲመለሱ በቅሎ አገኙት። ብዙ ባለሙያ አላመናቸውም። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጨጓራው ታመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የጭንቀትና የአሲድ ብቻ ተደርጎ ይታይ የነበረው ቁስለት፣ መነሻው ባክቴሪያው ከሆነ፣ በአንቲባዮቲክ የሚድን ሆነ። ባክቴሪያው በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ይይዛል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰማው ይዞት ይኖራል።

ጨጓራ ምግብ የሚፈጭበት አሲድ ራሱን እንዳይበላው የሚያዳልጥ ወፍራም ሽፋን አለው። ባክቴሪያው እዚያ ሽፋን ውስጥ ተቀምጦ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ያስቆጣል። ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲን፣ ኢንዶሜታሲንና አስፒሪን በበኩላቸው ሰውነት ያንን ሽፋን የሚያድስበትን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳያመርት ያግዳሉ። አንዱ ግድግዳውን ይሸረሽራል፣ ሌላው ጠጋኙን ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣና በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ ሁለቱም ከሌሉበት ሰው ጋር ሲነጻጸር ባክቴሪያው ብቻ ያለበት ሰው ቁስለቱ የመድማቱ ዕድል ወደ ሁለት እጥፍ፣ ማስታገሻ ብቻ የሚወስደው ወደ አምስት እጥፍ፣ ሁለቱም ያለበት ደግሞ ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርዎ። «መርፌው ይሻለኛል፣ ጨጓራ አይነካም» የሚል አለ። ይነካል። መድኃኒቱ ጨጓራን የሚጎዳው በደም ዞሮም ጭምር ነውና በመርፌም ይግባ በአፍ አደጋው አይቀርም። ከምግብ በኋላ መውሰድም ማቃጠሉን ሊያስታግስ ይችላል፤ ከመድማት ግን ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ መድኃኒት ቤት ሲሄዱ «የወገብ» አይበሉ፤ የመድኃኒቱን ስም ይጠይቁ፣ ከረጢቱ ላይም ያስጽፉ። ወገብዎ ላይ ዲክሎፌናክ፣ ራስ ምታትዎ ላይ አድቪል ከጨመሩ ሁለት የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶችን ደርበዋል፤ አድቪል ኢቡፕሮፌን ነው። ፓራሲታሞል ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ ጨጓራ ለሚያስቸግረው ሰው በቅድሚያ የሚሞከረውም እሱ ነው። ለጤነኛ አዋቂ ጣሪያው በ24 ሰዓት 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ ነው። ጉበቱ የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ግን ከዚያ በታች መሆን ስላለበት ባለሙያ ይጠይቅ። ዕድሜዎ ከ65 ካለፈ፣ ከዚህ በፊት ቁስለት ከነበረብዎ፣ ዋርፋሪን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ከሆነ ያለ ሐኪም ዲክሎፌናክ አይንኩ። የልብ ሐኪም ያዘዘልዎትን አስፒሪን ግን ይህን አንብበው በራስዎ አያቁሙ፤ ሄደው ይጠይቁ።

ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ መውሰድ የግድ ከሆነብዎ፣ ከመጀመርዎ በፊት ባክቴሪያውን ይመርመሩ፤ ጨጓራን የሚጠብቅ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ መድኃኒት አብሮ ያስፈልግዎ እንደሆነም ይጠይቁ። ለባክቴሪያው የሰገራ ምርመራው ይሻላል፤ የደሙ ምርመራ የዳነውን ከአሁኑ አይለይም። ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ከሆነ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት፣ አንቲባዮቲክ ከሆነ 4 ሳምንት በፊት መቆም አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ኦሜፕራዞሉን ሐኪም ያዘዘልዎት ከሆነ ግን ከማቆምዎ በፊት ያማክሩት። ከተገኘብዎ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ነው፤ አፍዎ መረረኝ ብለው በአምስተኛው ቀን አይተዉት። ሲጨርሱም ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ መጥፋቱን ያረጋግጡ።

የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ የሚደማው ነው። ማስታገሻው የቁስሉንም ሕመም ስለሚሸፍን ብዙ ሰው ሆዱን ሳያመው ይደማል። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከተጣበቀና ከወትሮው የተለየ ሽታ ካመጣ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ወይም ደም ካስመለስዎ፣ ሲነሡ ዓይንዎ ከጨለመና ልብዎ ከደለቀ ድንገተኛ ነው። የብረት ኪኒን የሚወስድም ሰው ሰገራው ይጠቁራል፤ ከተጠራጠሩ ግን ቤት ሆነው አይፍረዱ። ተልባና ወተት እየጠጡ እስኪነጋ አይጠብቁ፣ ሌላ ኪኒን አይዋጡ፣ ብቻዎን ሞተር ወይም መኪና ይዘው አይውጡ። ሰው አስከትለው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሲወስዱ የከረሙትን መድኃኒት ከነከረጢቱ ይያዙ፣ ስንት ቀን እንደወሰዱም ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ።