መንገዱ ሐይቁን ይጎብኝ እንጂ ዳርቻውን አይከተል

እንደሚታወቀው ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ተፈጥሮን በዓይኑ እንዲያይ ማድረግ ሰሌዳ ሙሉ ማስታወሻ ከማስገልበጥ ይበልጣል። ነገር ግን ሃምሳ ልጅ ይዞ ወደ ሐይቅ መውረድ ዝም ብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም። መንገዱ አስቀድሞ ካልታቀደ ልጆቹ ሊያዩ የሄዱትን ወፍ አባረው ይመለሳሉ። ለዚህ ትምህርት የጣናን ደቡባዊ ዳርቻና የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት በምሳሌነት እንውሰድ።

ዳርቻው ለምን ይጠበቃል?

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሐይቁና አካባቢው በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆነው ተመዝግበዋል። በዳርቻው የሚበቅለው ደንገል ጥቅሙ ለታንኳ መሥሪያ ብቻ አይደለም። ጎርፍ ከእርሻ ጠርጎ የሚያመጣውን አፈር ያስቀራል፤ ለዓሣ መራቢያ፣ ለወፍም መጠለያ ይሆናል። መንገድ በውሃው ጠርዝ ከተዘረጋ ደንገሉ ይረገጣል። ወፏም ሰው ባለፈ ቁጥር ከጎጆዋ ስትነሣ እንቁላሏ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል።

ታዲያ መንገዱ እንዴት ይታቀድ?

1ኛ. በነባሩ የእግር መንገድ መጠቀም። በዘጌ ከጀልባ ማቆሚያው ወደ ገዳማቱ የሚወስዱት ጠባብ መንገዶች በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡና መካከል ያልፋሉ። በቆየ ልማድ በበሬ ስለማይታረስ ደኑ ተርፏል። እዚያ አዲስ መንገድ ማውጣት ደኑን መቆራረጥ ነው።

2ኛ. ከዳርቻው ራቅ ማለት። ዋናው መንገድ በማሳና በዛፍ መካከል ይሂድ። ወደ ውሃው በአንድ ወይም በሁለት ቦታ ብቻ ይውረድ፤ የቀረው ዳርቻ ለወፎቹ ይተው።

3ኛ. ርቀቱን ከወፎቹ መማር። መምህሩ አስቀድሞ ብቻውን ሄዶ ይሞክር። ወፎቹ መልቀም ትተው አንገታቸውን ቀና ካደረጉ በጣም ቀርቧል ማለት ነው። መልቀም እስኪጀምሩ ድረስ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይመለስ። ሃምሳ ልጅ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ራቅ ብሎ መቆም ነው።

4ኛ. ጊዜ መምረጥ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። በውሃውና በግጦሹ መካከል የተገኘ ሰው ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ጉዞው ረፋድ ላይ ይሁን፤ ሳይመሽም ይጠናቀቅ። ከአውሮፓ የሚመጡትን ወፎች ለማየት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ተስማሚ ነው።

5ኛ. አርሶ አደሩን ማማከር። መንገዱ የሚያልፈው በእሱ ማሳ ዳር ነው። ጉማሬው በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ወፏ የት እንደምትጥል ከማናችንም በላይ እሱ ያውቃል።

«ልጆቹ ውሃው ዳር ዳሩን ካልሄዱ ምን አዩ ሊባል ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ዳር ዳሩን የሄደ ክፍል የሚያየው የሚሸሽ ወፍ ጀርባ ነው፤ ርቆ የቆመ ክፍል ግን ወፏ ስትለቅም፣ ስታጠምድ፣ ጫጩቷን ስትመግብ ያያል። የከርሞ ተማሪም የሚያየው ነገር ይተርፈዋል።

መልመጃ፦ በምታውቁት ሐይቅ ወይም ወንዝ አጠገብ አንድ የተማሪዎች የእግር መንገድ በካርታ ንደፉ። ወደ ውሃው የሚወርድበትን ቦታ አመልክቱ፤ ለምን እዚያ እንደመረጣችሁም አስረዱ።