ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የመለማመጃ ጥያቄዎች አመራረጥ

መግቢያ

ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በአገራችን ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያመለክት ሰው በተለምዶ «ጋት» የሚባለውን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ፈተናው በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ሲሆን የሚመዝነው የቋንቋና የንባብ፣ የቁጥር እንዲሁም የትንተና አመክንዮን ነው። አመልካቹ በመጀመሪያ ዲግሪ ያጠናው ሙያ በቀጥታ አይጠየቅበትም። ስለዚህ በአባያ ካምፓስ ኬሚስትሪ ያጠና ምሩቅና በጨንቻ ታሪክ የሚያስተምር መምህር የሚመዘኑት በአንድ ሚዛን ነው።

ሁለቱን የሚለያያቸው ለዝግጅት ያላቸው ጊዜ ነው። ቀን ሲያስተምር ውሎ ማታ የሚያጠና መምህር በሳምንት ከጥቂት ሰዓታት በላይ አያገኝም። በእጅ ስልኩ የሚደርሱት ጥራዞች ግን ብዙ ናቸው፤ የትኛውን ትቶ የትኛውን እንደሚይዝ ካላወቀ ያችው ጥቂት ጊዜ ትባክናለች። ይህ አጭር ጽሑፍ የመለማመጃ ጥያቄዎችን ለመምረጥ የሚረዱ አራት መመዘኛዎችን ያቀርባል።

አንደኛ፦ ማብራሪያ ያለው ይመረጥ

በቴሌግራም ከሚዘዋወሩት ጥራዞች ብዙዎቹ በመጨረሻው ገጽ ላይ የመልስ ፊደሎችን ብቻ ይደረድራሉ። ፊደል ተፈታኙ መሳሳቱን ይነግረዋል፤ የት ላይ እንደተሳሳተ ግን አያሳየውም። ከአርባ ምንጭ ገበያ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ነጋዴ 100 ኪሎ ሙዝ፣ ኪሎውን በ36 ብር ገዛች፤ በመንገድ ላይ 10 በመቶው ተበላሸባት። በጠቅላላ የግዢ ወጪዋ ላይ 20 በመቶ ለማትረፍ የቀረውን ኪሎውን በስንት ትሽጥ?

ወጪዋ 3600 ብር ነው፤ ከሽያጩ ማግኘት ያለባት 4320 ብር ነው። የቀራት ሙዝ 90 ኪሎ ስለሆነ መልሱ 48 ብር ይሆናል። 43.20 ብር የመረጠ ተፈታኝ የተበላሸውን ሙዝ ዘንግቷል። 46.80 ብር የመረጠ ደግሞ 10 በመቶንና 20 በመቶን ደምሮ በ36 ብር ላይ 30 በመቶ ጨምሯል። የፊተኛው ስሕተት የንባብ ነው፤ የኋለኛው የመቶኛን ምንነት ካለመረዳት የመጣ ነው። አንዱ ጥያቄን ረጋ ብሎ ማንበብን፣ ሌላው የመቶኛን ትምህርት ከመሠረቱ መከለስን ይጠይቃል። ይህን የማይለይ ጥራዝ ሺህ ጥያቄ ቢይዝም ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛ፦ የተደባለቀ ይመረጥ

ሮረርና ቴይለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የጠጣር ቅርጾችን ይዘት ማስላት እንዲለማመዱ አድርገው ነበር። አንዱ ቡድን ጥያቄዎችን በየዓይነታቸው ተከፍለው፣ ሌላው ተደባልቀው ሠራ። በልምምዱ ወቅት የፊተኛው ቡድን 89 በመቶ፣ የኋለኛው 60 በመቶ አገኘ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን የፊተኛው ወደ 20 በመቶ ወረደ፤ የኋለኛው 63 በመቶ አስመዘገበ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየዓይነቱ የተከፈለ መልመጃ የትኛው ዘዴ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ይነግራል፤ ፈተና ግን አይነግርም። ስለሆነም አዲስ ርእስ ሲጀመር ለብቻው መለማመድ ተገቢ ቢሆንም፣ ዝግጅቱ እየገፋ ሲሄድ የተደባለቀው ሊበዛ ይገባል። በቤት ውስጥ የተገኘ ከፍተኛ ውጤትም ብቻውን የዝግጁነት ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ሦስተኛ፦ ከፈተናው ክፍሎች ጋር የሚገጥም ይመረጥ

ብዙ ተፈታኞች ለአሜሪካው የጂአርኢ ፈተና የተዘጋጁ መጻሕፍትን ይጠቀማሉ። የፈተናው ባለቤት ኢቲኤስ ሁለት ሙሉ የኮምፒውተር መለማመጃዎችን ያለ ክፍያ ስለሚሰጥ ለቁጥርና ለንባብ ክፍሎች ጥሩ ምንጭ ነው። ይሁን እንጂ ጂአርኢ የትንተና አመክንዮ ክፍሉን እ.ኤ.አ. በ2002 አስቀርቶ በጽሑፍ ምዘና ተክቶታል። አዲሱን የጂአርኢ መጽሐፍ ብቻ የያዘ ሰው ከጋት ሦስት ክፍሎች አንዱን ሳይለማመድ ይቀራል። ክፍተቱን ከ2002 በፊት የታተሙ የጂአርኢ መጻሕፍት ወይም ለአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ለኤልሳት የተዘጋጁ የአመክንዮ መልመጃዎች ሊሞሉት ይችላሉ።

አራተኛ፦ በፈተናው ቋንቋ የቀረበ ይመረጥ

አፉን በጋሞኛ የፈታና በአማርኛ የሚሠራ ተፈታኝ የቁጥር ጥያቄን በእንግሊዝኛ ሲያነብ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መጀመሪያ ይተረጉማል፣ ቀጥሎ ያሰላል። ስሌቱን እያወቀ ጊዜ የሚያጥረው ለዚህ ነው። ስለዚህ የአሥረኛ ክፍልን ሒሳብ እንኳ በእንግሊዝኛ ከቀረቡ የቃላት ጥያቄዎች መለማመድ ይበጃል። አንድን መልመጃ መጀመሪያ ያለ ሰዓት፣ ከዚያም በሰዓት መሥራት ችግሩ የዕውቀት ይሁን የፍጥነት ለመለየት ያስችላል።

የአጠቃቀም ሐሳብ

የተመረጠው ጥራዝ እንደ ልብ ወለድ የሚነበብ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻለ አስታውሰው ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን በመጻፍ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶ ብቻ አስታወሱ። ስለዚህ ተፈታኙ ማብራሪያውን ሸፍኖ ይሥራ፤ የተሳሳተውን ከነምክንያቱ በደብተር ይመዝግብ፤ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ መልሱን ሳያይ እንደገና ይሞክር። ቢያንስ አንድ ሙሉ መለማመጃ ሳይነካ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቢቀመጥ የደረሰበትን ደረጃ በትክክል ያሳያል።

ማጠቃለያ

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ደጋማ ወረዳ ለሚኖር አመልካች ከዚህ የሚገኘው መልእክት ተስፋ ሰጪ ነው። ለዝግጅት የግድ ብዙ ጥራዝ አያስፈልግም። ወደ አርባ ምንጭ በወረደ ጊዜ በስልኩ ጭኖ የሚመለሳቸው ሦስት በሚገባ የተመረጡ መለማመጃዎችና አንድ የስሕተት ደብተር፣ ሳይከፈቱ ከሚቀሩ መቶ ጥራዞች ይልቅ ለሁለተኛ ዲግሪው ያቀርቡታል።