ኤልሳት፦ ቀስቱ ወዴት ይጠቁማል?

አሜሪካ ውስጥ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ለኤልሳት ፈተና ለምትዘጋጁ ጥቂት ላካፍላችሁ። ከኦገስት 2024 ወዲህ «ሎጂክ ጌምስ» የሚባለው ክፍል ቀርቷል። ነጥብ ከሚያዝባቸው 3 ክፍሎች 2ቱ ግን «ሎጂካል ሪዝኒንግ» ስለሆኑ «እንዲህ ከሆነ እንዲያ ነው» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮችን በቀስት መሳል አሁንም ይጠቅማል።

ኢንጂነር ስለሆንኩ ምሳሌዬ አምፖል ነው። «አምፖሉ ከበራ ኤሌክትሪክ አለ» ቢባል፦

በርቷል → ኤሌክትሪክ አለ

ቦታቸውን አቀያይረን ሁለቱንም ወደ አሉታ ስንለውጥ ይህም እውነት ነው፦

ኤሌክትሪክ የለም → አልበራም

ነጥብ የሚያስጥሉት ሁለት ስህተቶች ናቸው።

1. ቦታ ብቻ መቀየር፦ «ኤሌክትሪክ ስላለ አምፖሉ በርቷል።» ማን ያውቃል፣ ማብሪያው አልተነካ ይሆናል።
2. ወደ አሉታ ብቻ መለወጥ፦ «ስላልበራ ኤሌክትሪክ የለም።» አምፖሉ ተቃጥሎስ ቢሆን?

በእንግሊዝኛው «ኢፍ» ብቻውን ሲመጣ ተከታዩ ሐሳብ ከቀስቱ መነሻ ይጻፋል፤ «ኦንሊ ኢፍ» ሲሆን ግን ከቀስቱ ጫፍ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መልመጃ፦ «ካልዘነበ እንሄዳለን» ተባለ፤ ዘነበ። ጉዞው ቀረ ማለት ነው? ቀስቱን ስላችሁ እዩት፤ ስለሚዘንብበት ቀን የሚለው ነገር የለም።