የሻጋታና የባክቴሪያ ሽርክና

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ጥያቄዎቹን መልሱ።

ኢታኖል የተባለው ነዳጅ በብዛት የሚሠራው ከሸንኮራ አገዳና ከበቆሎ ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ በቆሎ ምግብ ስለሆነ፣ ለሞተር የሚውለው እህል ከገበታ የሚነሣ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተመራማሪዎች ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ በማሳ ላይ ወደሚቀረው የበቆሎ አገዳ ፊታቸውን አዞሩ።

በአገዳው ውስጥ ያለው ስኳር ሴሉሎስ በተባለ ረጅም ሰንሰለት የተያያዘ ነው። ይህን ሰንሰለት መበጣጠስ ከሚችሉት አንዱ ትሪኮዴርማ ሪሴይ የተባለ ሻጋታ ሲሆን፣ የተገኘውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰሎሞን ደሴቶች የአሜሪካን ሠራዊት የጥጥ ድንኳን ሲያበላሽ ነው። ሻጋታው ኤንዛይም ወደ ውጭ እያመነጨ ሴሉሎስን ይሰባብራል፤ ያገኘውን ስኳር ግን ለራሱ ዕድገት ያውለዋል እንጂ ነዳጅ አይሰጥም። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በበኩሉ ሴሉሎስን መስበር አይችልም፤ የዘር ውርሱ በቤተ ሙከራ ከተለወጠ ግን ስኳርን ከቤንዚን ጋር ወደሚደባለቅ ኢሶቡታኖል ይለውጣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለቱን በአንድ ዕቃ አኖሯቸው። ችግሩ የድርሻ ጉዳይ ነበር። ሻጋታው ለፍቶ ያወጣውን ስኳር ያልደከመው ባክቴሪያ ይካፈለዋል። ባክቴሪያው ከመጠን በላይ ቢበዛ ሻጋታው ይራባል፤ ኤንዛይሙ ይቋረጣል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ያልቃሉ። ባክቴሪያው እጅግ ካነሰ ደግሞ ስኳሩን ሻጋታው ስለሚጨርሰው የነዳጁ መጠን ይመነምናል።

ተመራማሪዎቹ ይህን ሚዛን ለዕድል አልተዉትም። የሁለቱን የዕድገት ፍጥነት፣ የስኳሩንም አወጣጥና አጠቃቀም በሒሳብ ቀመር አሰፈሩ። ቀመሩ እንዳሳየው፣ ሻጋታው ከሚያወጣው ስኳር ከፊሉን ቀድሞ የሚያገኝ ከሆነ ሁለቱ አብረው ሊዘልቁ ይችላሉ። በሙከራውም በአንድ ሊትር እስከ 1.88 ግራም ኢሶቡታኖል ተገኘ። መጠኑ ለገበያ የሚበቃ ባይሆንም፣ የሽርክናው ጽናት የሚወሰነው በድርሻ አከፋፈል መሆኑን ጥናቱ አመልክቷል።

ጥያቄዎች

1. ተመራማሪዎቹ ከበቆሎ ፍሬ ይልቅ አገዳውን የመረጡት ለምንድን ነው?
2. ባክቴሪያው ከመጠን በላይ ቢበዛ ምን ይከተላል? ቅደም ተከተሉን ጻፉ።
3. የሒሳብ ቀመሩ ለተመራማሪዎቹ ምን ጠቀማቸው?
4. «ሽርክና»፣ «ድርሻ» እና «መነመነ» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገብታችሁ ጻፉ።